የማንም እና የሁሉም

ጭቅጭቁ የተጀመረው በግድቡ ነው። ስማዳ፣ ወገዳ ውስጥ ቡና ላይ ተቀምጠን፣ ጳጉሜን 2017 ዓ.ም የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት አለው ሲባል አንድ አዛውንት ገበሬ ጣልቃ ገቡ፦ «ቦንድ ገዝቻለሁ። በሽሎም ከእኛ ሥር አልፎ ነው አባይ የሚገባው። እኔ ቤት ግን ዛሬም ኩራዝ ነው።»

ስልኩን ከጎረቤት ሶላር ነቅሎ የመጣው የእህታቸው ልጅ ሊያጽናናቸው ፈለገ። «አጎቴ፣ ይህ ስልክ የሚሠራበት ሊኑክስ የሚባል ፕሮግራም እኮ የማንም አይደለም። የፈለገ ወስዶ ይሠራበታል።»

«እንደ ጤፋችን በለኛ!»

ሳቅን። ነገሩ ግን ከአእምሮዬ አልወጣም፤ ልጁ ተሳስቷልና። ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው ሊኑክስ ክፍት ነው እንጂ የማንም አይደለም አይባልም። ውሰድ፣ ቀይር፣ ሽጥም፤ የቀየርከውን ለሌላ ስታስተላልፍ ግን ኮዱን አብረህ ስጥ የሚል ፈቃድ አለው። ጤፍ እንዲህ ያለ ቃል አልተጻፈለትም። እ.ኤ.አ. በ2007 አንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ የአውሮፓ ፓተንት ወሰደ።

እንግዲያው ለዘራችንም ፈቃድ እንጻፍለት ልል ስል ቡና የሚቀዱት የአዛውንቱ ባለቤት ቀደሙኝ። «ዘር ሊበደር የመጣ ጎረቤት ፊት ወረቀት ልዘርጋ?»

ይህን ተቃውሞ እስካሁን በቅጡ አልተወጣሁትም። እሳቸው ሲሰጡ ሕግ የለም ማለት አይደለም፤ አንድ ቁና የወሰደ በመኸር አንድ ቁና ይመልሳል፣ ያልመለሰ በሰንበቴው ቀና ብሎ አይቀመጥም። የዘራችን ፈቃድ ይሉኝታ ነው። ወረቀት ከመጣ ይሉኝታው ይሄዳል ብለው ቢፈሩ እውነት አላቸው። ችግሩ ይሉኝታ የሚሠራው ነገ ዓይን ለዓይን በሚተያዩ ሰዎች መካከል መሆኑ ነው፤ ባሕር ማዶ ያለውን ማን ያሳፍረዋል?

ለባሕር ማዶው ወረቀት ይኑር አልኩ። ነበር እኮ! እ.ኤ.አ. በ2005 የብዝሀ ሕይወት ጥበቃ ኢንስቲትዩት ከዚያው ኩባንያ ጋር የጥቅም መጋራት ስምምነት ፈርሟል። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2009 ከሰረ፤ ስምምነቱ አብሮት ሲወድቅ ፓተንቱ ወደ ሌላ ኩባንያ ተሻገረ። ውሉ የታሰረው ከከሰረው ኩባንያ ጋር ነበር። የሊኑክሱ ፈቃድ ግን ከነገሩ ጋር ስለታሰረ ፕሮግራሙ በደረሰበት ሁሉ አብሮ ይደርሳል።

ስለዚህ የተነሣሁበት ሐሳብ ጠብቧል። ከጎተራ ወደ ጎተራ ለሚሄደው ዘር ወረቀት አልጠይቅም፤ ከአገር ለሚወጣው ግን ቃሉ ከተቀባዩ ጋር ሳይሆን ከዘሩ ጋር ይታሰር እላለሁ። እንደ ጤፍ በእፍኝ የሚበተን ነገር ቃሉን እንደ ኮድ ተሸክሞ ይዞራል ወይ ብትሉኝ፣ እርግጠኛ አይደለሁም። ቃል ቢኖርስ የሚሟገትለት ማን ነው?

እ.ኤ.አ. ኅዳር 2018 የሄግ ፍርድ ቤት ፓተንቱ በኔዘርላንድ አይጸናም ብሎ ፈረደ። ከሳሹ ፓተንቱን የያዘው ኩባንያ፣ ተከሳሹ ደግሞ ሌላ የዚያው አገር ኩባንያ ነበር። ኢትዮጵያ ከተከራካሪዎቹ አንዷ አልነበረችም።