ነገን ማለምና የእውነት ዕዳ

ያልተፈጠረን መሣሪያ እንዳለ አድርጎ መጻፍ ሐሰት ነውን? ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ለመጻፍ የሚሹ ወጣቶች፣ እነርሱንም የሚያንጹ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ይህን ጥያቄ ሊያስቡበት ይገባል። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ባሳተሙት መጽሐፍ ርእስ የሰፈረው «ልብ ወለድ» የሚለው ስያሜ፣ በአገራችን የዚህ ዓይነቱ ድርሰት ሁሉ መጠሪያ ሆኗል። ልብ የወለደው ሁሉ ግን መልካም አይደለም፤ ክፉ አሳብ ከሰው ልብ እንደሚወጣ በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 7 ተምረናልና። በሌላ በኩል ጌታችን ራሱ በምሳሌ አስተምሯል። የደጉ ሳምራዊ ምሳሌ የታሪክ መዝገብ ባይሆንም ሐሰት አይደለም፤ ባልንጀራችን ማን እንደሆነ እውነቱን ይነግረናል። እንግዲህ የፈጠራ ድርሰት የሚመዘነው የተነበየው በመፈጸሙ ሳይሆን ስለ ሰው በሚናገረው እውነት ነው።

ይህም ሲባል ጥናት አያሻም ማለት አይደለም። ፈረንሳዊው ዡል ቬርን እ.ኤ.አ. በ1865 ባሳተመው «ከምድር ወደ ጨረቃ» በተባለው ልብ ወለድ ሰዎችን በግዙፍ መድፍ ወደ ጨረቃ ይልካል። ከምድር ስበት ለመላቀቅ የሚያስፈልገውን ፍጥነት በሴኮንድ 11 ኪሎ ሜትር ያህል አድርጎ ሰጥቷል፤ መተኮሻውንም ፍሎሪዳ ላይ አኑሯል። እ.ኤ.አ. በ1969 አፖሎ 11 የተነሣችውም ከዚያው ከፍሎሪዳ ነበር። ይሁን እንጂ እንዲህ ያለ መድፍ በእርግጥ ቢተኮስ፣ ደራሲው በውሃ የተሠራ መከላከያ ቢያስብላቸውም እንኳ መንገደኞቹ በቅጽበት ተጨፍልቀው ይሞቱ ነበር። የመሣሪያው ስሌት ቀና፤ የሰው ገላ ግን ተዘነጋ።

የከተማችንም ምሥራቃዊ ክፍል ተመሳሳይ ትምህርት ይሰጠናል። ከአያት በመገናኛ በኩል እስከ ጦር ኃይሎች የተዘረጋው የኤሌክትሪክ ባቡር በ2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ከሃያ ዓመት አስቀድሞ ስለዚህ የጻፈ ቢኖር ሕልመኛ በተባለ ነበር። ነገር ግን ስለ ባቡሩ ፍጥነት ብቻ ተርኮ ቢሆን የእውነቱን እኩሌታ ባስቀረ ነበር። ሐዲዱ መንገዱን ለሁለት ስለከፈለው ለመሻገር ርቀው የሚሄዱ አረጋውያን አሉ፤ ከ41ዱ ባቡሮችም ብዙዎቹ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በመለዋወጫ እጥረት ቆመዋል። ስለሆነም የነገን መሣሪያ የሚያልም ሰው፣ ማን ይጠግነዋል? ማን ይከፍልበታል? ማንስ ከአጥሩ ውጭ ይቀራል? ብሎ መጠየቅ አለበት።

ከሁሉ የሚከብደው ምሳሌ ግን ሮቦት ነው። ቃሉን ለዓለም ያስተዋወቀው ካሬል ቻፔክ የተባለ የቼክ ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ1920 ባሳተመው ተውኔት ሲሆን፣ «ሮቦታ» ማለትም ገባር ለጌታው የሚሠራው የግዳጅ ሥራ ነው። የሮቦት ነገር ከመነሻውም የአገልጋይ ጥያቄ ነበር። በጥቅምት ወር 2010 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ ሶፊያ ለተባለችው ሰው መሰል ሮቦት ዜግነት መስጠቷን አስታወቀች። የሮቦቷን ሶፍትዌር በመሥራት ረገድ በአዲስ አበባ የሚገኘው የአይኮግ ላብስ ወጣቶች ተካፍለዋል፤ በዚያው ዓመት ማብቂያ ገደማም ወደ ከተማችን መጥታ በክብር ታይታለች። በዚያው ዓመት የመኖሪያ ፈቃድ የላችሁም ተብለው ከሳዑዲ የተባረሩ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ወገኖቻችን፣ ከእነርሱም መካከል በሰው ቤት ሲያገለግሉ የኖሩ እኅቶቻችን፣ በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ይወርዱ ነበር። የወጣቶቹ ዕውቀት የሚያስመሰግን ነው። ማሽን ዜጋ ሲባል አገልጋይቱ ስትባረር ግን ሕሊና ዝም ሊል አይገባውም።

ቅድስት መንበር በጥር ወር 2017 ዓ.ም. ያወጣችው «አንቲኳ ኤት ኖቫ» የተሰኘው ሰነድ፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሰው አእምሮ ውጤት እንጂ ከሰው ጋር የሚተካከል እንዳልሆነ ያስተምራል። የሰው ክብር የሚመነጨው ከችሎታው ሳይሆን በእግዚአብሔር አርአያ ከመፈጠሩ ነው።

ስለዚህ መምህራን ሆይ፣ ወጣቶቻችን ነገን እንዳያልሙ አንከልክላቸው፤ ይልቁንም ሁለት ደጆችን እንዲያንኳኩ እንምከራቸው። ከመሐንዲሱ ዘንድ ሄደው መሣሪያው እንዴት እንደሚሠራ ይጠይቁ፤ ከስደት ከተመለሰችውም እኅት ጎን ተቀምጠው፣ አገልጋይ ሆኖ መኖር ምን እንደሚመስል ይስሙ። ከዚያ በኋላ ይጻፉ።