ሐራራና ደስታ አንድ አይደሉም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ጫት የሚቅም ጓደኛ ያለው ሰው ይህን ንግግር ሳይሰማ አይቀርም፤ «አሁንስ ምንም አይጥመኝም፤ መተው ግን አልቻልኩም።» እኛም ይህን ስንሰማ ብዙ ጊዜ ፈገግ ብለን እናልፋለን። ካልጣመህ ስለ ምን ትቅማለህ? ሰው የማይጥመውን ነገር ገንዘቡን ከስክሶ፣ ከእናቱ ተጣልቶ፣ ትምህርቱን ጥሎ ይከተላልን? እንግዲህ ይዋሻል እንላለን። እኔ በዚህች አጭር ጽሑፍ ለማሳየት የምፈልገው ያ ልጅ እውነቱን መናገሩን ነው። እንዲያውም የአንጎል ተመራማሪዎች ከብዙ ዓመታት ድካም በኋላ የደረሱበትን ነገር እርሱ በአንድ ዐረፍተ ነገር ተናግሮታል።

ነገሩ የተጀመረው በካናዳ አገር ነው። በሞንትሪያል ከተማ በማክጊል ዩኒቨርሲቲ ጄምስ ኦልድስና ፒተር ሚልነር የተባሉ ሁለት ሰዎች በአይጦች አንጎል ውስጥ ቀጭን ሽቦ እያስገቡ መጠነኛ ኤሌክትሪክ ይለቁ ነበር። በአንዲቱ አይጥ ላይ ሽቦው ካሰቡት ቦታ ስቶ ሌላ ቦታ ዐረፈ። አይጧም ኤሌክትሪኩ ወደተለቀቀባት የጠረጴዛ ጥግ እየተመላለሰች መሄድ ጀመረች። ከዚያም አይጦቹ ራሳቸው ኤሌክትሪኩን እንዲለቁ የሚጫኑት ዘንግ በተሰጣቸው ጊዜ በአንድ ሰዓት ውስጥ በመቶዎች፣ አንዳንዶቹም በሺሕ የሚቆጠር ጊዜ ተጫኑት። ይህ በ1954 እ.ኤ.አ. ታትሞ ወጣ። ከዚያ ወዲህ በተደረጉ ሙከራዎች ደግሞ የተራቡ አይጦች አጠገባቸው ያለውን መብል ትተው ዘንጉን ሲጫኑ ታይተዋል። ዔሳው ብኵርናውን በምስር ወጥ ሲለውጥ ቢያንስ ሆዱን ሞልቷል፤ እነዚህ ግን የለወጡት መብሉን ራሱን ነው።

ይህ የአንጎል ክፍል በዚያን ጊዜ «የደስታ ማእከል» ተባለ። ስሙም ተወደደ። ነገር ግን ልብ እንበል፤ አይጧ ዘንጉን ሺሕ ጊዜ የተጫነችው ስለ ጠገበች ነው ወይስ መጥገብ ስላቃታት? የጠገበ ያርፋል፤ ያች አይጥ ግን አላረፈችም።

በአንጎላችን ውስጥ ወደ ግርጌው በኩል ጥቂት የነርቭ ሴሎች አሉ። እነዚህም ዶፓሚን የተባለውን ንጥረ ነገር ወደ ፊተኛው የአንጎል ክፍል ይልካሉ። ዶፓሚን በአንጎል ውስጥ መልእክተኛ መሆኑን በ1950ዎቹ ያሳየው ስዊድናዊው አርቪድ ካርልሰን ነው፤ በ2000 እ.ኤ.አ.ም የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆኗል። ይህ መንገድ በራሱ ክፉ አይደለም። ሕፃን ጡት እንዲፈልግ፣ የተራበም ለእንጀራው እንዲደክም የሚቀሰቅሰው እርሱ ነው። አንዳንድ ወንድሞች ደስ የሚያሰኝ ነገር ሁሉ ኃጢአት ይመስላቸዋል፤ እኔ በዚህ አልስማማም። ፈጣሪ ረኃብን ሰጥቶ መብልን ጣዕም ባያደርግለት ኖሮ የሰው ዘር እስከ ዛሬ ባልቆየም ነበር።

ታዲያ ዶፓሚን የደስታው ምንጭ ነውን? እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ቮልፍራም ሹልትዝ የተባለ ተመራማሪ በስዊዘርላንድ በፍሪቡርግ ዩኒቨርሲቲ ሳለ የጦጣዎችን የዶፓሚን ሴሎች ያዳምጥ ነበር። ጦጣዋ ሳታስበው የፍራፍሬ ጭማቂ አፏ ላይ ጠብ ሲልላት ሴሎቹ ይነቃሉ። ከጭማቂው በፊት ሁልጊዜ አንድ ምልክት እየታየ ከተለማመደች በኋላ ግን ሴሎቹ የሚነቁት ምልክቱን ስታይ ነው፤ ጭማቂው ራሱ ሲመጣ ዝም ይላሉ። ምልክቱ ታይቶ ጭማቂው ቢቀርስ? ያን ጊዜ ሴሎቹ ከወትሮው በታች ይወርዳሉ። ይህን ያነበበ ሰው ከምሳ በኋላ የሚቁነጠነጠውን ጓደኛውን ሳያስታውስ አይቀርም። ቅጠሉ ገና አፉ አልገባም፤ በኮባ የተጠቀለለችውን ዙርባ ከሩቅ ሲያይ ግን ፊቱ ይለወጣል። ያች ሰዓት፣ ያ ሰፈር፣ ያ ምንጣፍ፣ እነዚያ ጓደኞች፣ ሁሉም ምልክት ሆነውበታል።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን በአሜሪካ በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ኬንት ቤሪጅና ባልደረቦቹ ያገኙት ነው። ዶፓሚናቸው ከሞላ ጎደል የጠፋባቸው አይጦች መብል አጠገባቸው እያለ ሄደው አይበሉም፤ ሰው ካልመገባቸው በረኃብ ይሞታሉ። ሆኖም ስኳር ምላሳቸው ላይ ሲደረግላቸው ልክ እንደ ድሮው ከንፈራቸውን ይልሳሉ። እንግዲህ ጣዕሙን ያውቁታል፤ የጠፋባቸው መፈለጉ ነው። ከዚህም የተነሣ መፈለግና መደሰት በአንጎል ውስጥ በየራሳቸው መንገድ የሚሄዱ ሁለት ነገሮች እንደ ሆኑ ታወቀ። እነቤሪጅ ይህን ለማስረዳት ብዙ ገጽ ጽፈዋል፤ የእኛ አገር ቃሚና አጫሽ ግን ለዚህ ከጥንት ጀምሮ ቃል አለው። «ሐራራዬ መጣ» ይላል እንጂ «ደስታዬ መጣ» አይልም።

አደገኛ ዕፆች የሚያደርጉት ይህንኑ ሐራራ ማሳደግ ነው። ኮኬይን የተለቀቀው ዶፓሚን ተመልሶ እንዳይሰበሰብ መንገዱን ይዘጋል። የተባበሩት መንግሥታት ላቦራቶሪ በ1975 እ.ኤ.አ. ከጫት ቅጠል ለይቶ ያወጣው ካቲኖን ደግሞ ዶፓሚኑን ከማከማቻው ገፍቶ ያስወጣል፤ ቅጠሉ ሲጠወልግ ካቲኖኑ ወደ ደካማ ንጥረ ነገር ስለሚለወጥ ነው ቃሚ ሁሉ ትኩሱን የሚሻው። የሲጋራው ኒኮቲን፣ አረቄው፣ ሄሮይኑም በየበራቸው ገብተው ወደዚሁ አዳራሽ ይደርሳሉ። እንጀራ ቀስ አድርጎ የሚያንኳኳውን በር እነዚህ በድንጋይ ይደበድቡታል።

አንጎል ደግሞ ዝም ብሎ አይደበደብም። ጎረቤታችን ቀኑን ሙሉ ድምፅ ማጉያ ቢያስጮህብን መስኮታችንን እንዘጋለን፤ መስኮቱ ከተዘጋ በኋላ ግን እናታችን በቀስታ ስትጠራን አንሰማም። ኖራ ቮልኮውና ባልደረቦቿ የኮኬይን ሱሰኞችን አንጎል በልዩ መሣሪያ ሲመረምሩ ከዶፓሚን ተቀባዮች አንዱ ዓይነት ቀንሶ አገኙት፤ ሰዎቹ ዕፁን ካቆሙ ከወራትም በኋላ ጭምር። ለዚህ ነው የወንድማችን ፊት በበዓል ቀን እንኳ የማይፈታው። ዶሮ ወጡም፣ የእኅቱ ሠርግም፣ የከበሮው ድምፅም የተዘጋ መስኮት ያገኛቸዋል። ሐራራው ግን አልቀነሰም፤ እንዲያውም ጨምሯል። ያነሰ ይደሰታል፤ የበለጠ ይፈልጋል። ቅዱስ ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች በላከው መልእክት የሚጠላውን ሲያደርግ ራሱን ስለሚያገኝ ሰው ጭንቀት ሲጽፍ ስለ ጫት አልነበረም፤ ነገር ግን ከዚህ ወንድማችን የተሻለ አንባቢ የሚያገኝ አይመስለኝም።

እንግዲህ አንዱ ተነሥቶ፣ «አንጎሉ ከተለወጠ የእርሱ ጥፋት አይደለም፤ ምንም ሊያደርግ አይችልም» ይል ይሆናል። ይህም ልክ አይደለም። በ1971 እ.ኤ.አ. ከቬትናም ጦርነት የተመለሱ የአሜሪካ ወታደሮች ብዙዎቹ ሄሮይን ለምደው ነበር። ሊ ሮቢንስ የተባለች ተመራማሪ ባደረገችው ጥናት ከመቶው ሃያ ያህሉ በዚያ ሳሉ ሱሰኞች ነበርን ብለዋል። መንግሥታቸውም እጅግ ፈራ። ነገር ግን አገራቸው ከገቡ በኋላ በ3 ዓመት ውስጥ ወደ ሱሱ የተመለሱት ሱሰኛ ከነበሩት መካከል ከመቶው 12 ብቻ ናቸው። የፈራረሰው መንደር፣ የሞት ፍርሃቱ፣ ዕፁን የሚያቀብለው እጅ ሁሉ በስተኋላ ቀርቷል፤ ምልክቶቹ ጠፍተዋል። በዚያው በአገሩ፣ በዚያው ሰፈር ሄሮይን የለመደ ሰው ግን ታክሞ ወደዚያው ሰፈር ሲመለስ አብዛኛውን ጊዜ ይወድቃል። ስለዚህ «ጨክነህ ተው» የሚለው ምክር ግማሽ ምክር ነው። ቀሪው ግማሽ ሰውየው በየትኛው ሰዓት የት ይቀመጣል፣ ከማንስ ጋር የሚለው ነው፤ እርሱም በከፊል በእኛ እጅ ነው።

አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ደስ አይለኝም። ለብዙ ዓመታት በየቀኑ አረቄ አብዝቶ የጠጣን ሰው በአንድ ቀን በድንገት ማስቆም አደገኛ ነው፤ መንቀጥቀጥ፣ መጣል፣ መቃዠት ሊመጣበት፣ ሊሞትም ይችላል። እንዲህ ያለውን ሰው ወደ ጸበል የምንወስድ ከሆነ ሐኪምም ይየው። ጸሎትና ሐኪም አይጣሉም፤ ወንጌላዊው ሉቃስም ሐኪም ነበረ።

አሁን ወደ ራሳችን ልመለስ። የጫት ሰዓት በሰፈራችን ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። የእኛ ጉባኤ የሚጀምረው 11 ሰዓት ተኩል ነው። ጉባኤው ሲከፈት ያ ወንድማችን ሦስት ሰዓት ተኩል ተቀምጦ፣ መርቅኖ፣ አንዳንዴም ወደ ጨብሲው አምርቶ ይሆናል። እኛም «ጠራነው፤ አልመጣም» ብለን እንጽፋለን። አዳራሹ ግን በ8 ሰዓት ባዶ ነው፤ ቁልፉም በዘብ ቤት ተንጠልጥሎ ይውላል። የመዝሙር ልምምዱን፣ የመጻሕፍት ንባቡን፣ ቢቻል ሻይና ዳቦ ጭምር ወደዚያ ሰዓት ማምጣት አይቻልምን? በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ልጁ መጥቶ ጥግ ላይ ፊቱን ቋጥሮ ቢቀመጥ፣ መዝሙሩም ምንም ባይጥመው አንደነቅ። መስኮቱ በአንድ ቀን አልተዘጋም፤ በአንድ ቀንም አይከፈትም። ስብከት አያስፈልገውም፤ ከአጠገቡ የሚቀመጥ ሰው ግን ያስፈልገዋል። በሚመጣው እሑድ በሥራ አመራሩ ስብሰባ ላይ ይህን አሳብ አቀርባለሁና በ8 ሰዓት መገኘት የምትችሉ ስማችሁን ለጸሐፊው አስመዝግቡ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።