ኦራል በጨረታ ልትገዛ ላሰብከው ለወንድሜ ልጅ

ልጄ፣

ከመከላከያ ተወግዶ ለጨረታ የወጣ ኦራል የጭነት መኪና ለመግዛት ከጓደኞችህ ጋር ገንዘብ እያዋጣችሁ መሆኑን አባትህ ነገረኝ። ሐሳቤንም ጠየቀኝ። ጓደኞችህም እንዲያነቡት በጽሑፍ ማድረጉን መረጥኩ። ዕድሜዬን የገፋሁት በነገሌ ቦረና፣ በክብረ መንግሥት፣ በያቤሎና በሞያሌ መንገድ የጭነት ሥራ ላይ ስለሆነ የምነግርህ በዓይኔ ያየሁትን ነው።

መልሴን አስቀድሜ ልንገርህ። ኦራል አስፋልት ላይ ለሚሠራ ጭነት አያዋጣም። አስፋልት አልቆ ሌላ መኪና በማይገባበት ቦታ የተጨበጠ ሥራ ካላችሁ፣ ሞተሩ ናፍጣ ከሆነና ወረቀቱም ንጹሕ ከሆነ ሊያዋጣ ይችላል። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ገንዘባችሁን አታውጡ።

ወደዚህ ሐሳብ የገፋችሁ ምን እንደሆነ ይገባኛል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ከውጭ ማስገባትን አስወደደው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲደረግ ደግሞ ከውጭ የሚመጣ ሁሉ ናረ። አዲስ አይሱዙ ለመግዛት አቅም ያጣ ወጣት አገር ውስጥ ያለ አሮጌ ብረት ላይ ዓይኑን ቢጥል አልፈርድበትም። ዳሩ ግን ጨረታ ላይ የሚጠራው ዋጋ ከወጪዎችህ ሁሉ ትንሹ ነው።

በጨረታው ቀን አጠገብህ የሚቆመውን ሰው ለይተህ እወቅ። አንዱ ብረት ነጋዴ ነው። ኦራል ባዶውን ወደ 8 ቶን ይመዝናል፤ ነጋዴው ኪሎውን በስንት እንደሚሸጥ ያውቃል፣ ከዚያ በላይ አንድ ብር አይጨምርም። ሌላው መለዋወጫ ነጋዴ ነው፤ ካምቢዮውን፣ ዲፈረንሻሉንና ቸርኬውን በዓይኑ ነቅሎ ሸጦ ጨርሷል። አንተ ሁለቱን በልጠህ የምታሸንፈው መኪናው ተነሥቶ ይሠራልኛል ብለህ ነው። ስለዚህ በጨመርከው ብር ልክ መኪናው እንደሚነሣ ማረጋገጫ ሊኖርህ ይገባል። ማስታወቂያው ግን የሚሸጠው «ባለበት ሁኔታ» መሆኑን ይነግርሃል። ሞተሩ ባይነሣ፣ ፖምፓው ወይም ሞቶሪኖው ተፈትቶ ቢገኝ የምትከሰው የለም። ከፍለህ በተባለው ቀን ካላነሣህ ያስያዝከው ሲፒኦ ይወረሳል።

ቀጥሎ ነዳጁን አስላ። በደርግ ጊዜ በብዛት የገባው ኦራል 375 ቤንዚን የሚጠጣ ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር አለው። 100 ኪሎ ሜትር ለመሄድ ወደ 50 ሊትር ይፈልጋል፤ ሸክምና ዳገት ሲበዛ ከዚያም ያልፋል። ለስሌት እንዲቀለን ሊትሩን በ100 ብር እንያዘው። ከነገሌ አዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አንድ ጉዞ 300 ሊትር፣ 30,000 ብር ይሆናል። የሚጭነው 45 ኩንታል ነው። ለአንድ ኩንታል የነዳጅ ወጪው ብቻ ከ660 ብር በላይ መጣ ማለት ነው። ኤፍ ኤስ አር አይሱዙ 100 ኪሎ ሜትሩን በ25 ሊትር ናፍጣ ይሄዳል ብንልና 70 ኩንታል ቢጭን ለኩንታል 215 ብር ገደማ ይወጣዋል። ከእርሱ ጋር በአንድ መንገድ ላይ ተወዳድረህ ጭነት አታገኝም። ከሐዋሳ እስከ ሞያሌ አስፋልት ነው፤ ኬንያም ከኢሲዮሎ እስከ ሞያሌ ያለውን አስፋልት አድርጋለች። በስድስቱም ጎማ መጎተት ዋጋ የነበረው መንገዱ ጭቃ በነበረበት ዘመን ነው።

ሌላው የሶቪየት የጦር መኪና ዚል 131ም ቤንዚን ነው፤ በ100 ኪሎ ሜትር 40 ሊትር ያህል ይጠጣል። ኦራል 4320 ግን የካማዝ ናፍጣ ሞተር ስላለው ከሁሉም ይሻላል። ቤንዚኑን ኦራል ገዝተን የናፍጣ ሞተር እንገጥምበታለን የሚል መካኒክ አይጠፋም። ሥራው ይቻላል፤ ነገር ግን የሞተሩን ዋጋ፣ ከካምቢዮው ጋር የሚያገናኘውን የቶርኖ ሥራ፣ በሊብሬው ላይ የሞተር ቁጥሩን የማስቀየሩን ጣጣ ደምረህ ከዚያ በኋላ ወስን።

ጎማውን አትርሳ። ዚል 131 የሚያደርገው 12.00-20 ሌሎች ከባድ መኪኖችም ስለሚያደርጉት ገበያ ላይ አይጠፋም። የኦራል 14.00-20 ግን እንደልብ የሚገኝ አይደለም። ለዓመታት ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና የጎማው ጥርስ አዲስ ቢመስልም ጎኑ ተሰነጣጥቆ ይገኛል፤ ጭነት ሲያርፍበት ይፈነዳል። ስድስት ጎማና መጠባበቂያውን ዋጋ ጠይቀህ ከመኪናው ዋጋ ጋር አስተያየው። ሾፌሩ ከጋቢና ሆኖ ጎማውን የሚነፋበት መሣሪያም ጎሚኒው ደርቆ አየር ያፈስሳል። የፍሬኑም ጎሚኒ እንዲሁ ነው፤ እርሱን ሳትቀይር ቁልቁለት አትውረድ።

መለዋወጫው ከሁሉም የሚከብደው ነው። የጦር መኪና መለዋወጫ በፖለቲካ ላይ የተንጠለጠለ ነው። በንጉሡ ዘመን የጦሩ ካሚዮን አሜሪካ ሠራሽ ነበር። በ1969 ዓ.ም. ከአሜሪካ ጋር የነበረው ወታደራዊ ትስስር ሲበጠስ የመለዋወጫው ምንጭ አብሮ ደረቀ። በቦታው የሶቪየቶቹ ኦራል፣ ዚልና ክራዝ፣ የምሥራቅ ጀርመኑም ኢፋ መጡ። ምሥራቅ ጀርመን በ1983 ዓ.ም. መባቻ ከምዕራቡ ጋር ስትዋሐድ ኢፋን የሚሠራው ፋብሪካ ምርቱን አቆመ፤ ሶቪየት ኅብረትም ብዙ ሳይቆይ ፈረሰች። የሞስኮው የዚል ፋብሪካ ዛሬ የለም። ኦራል የሚሠራው በሩሲያ ሚያስ፣ የክራዝ ፋብሪካ ያለው በዩክሬን ክሬመንቹክ ነው፤ ሁለቱ አገሮች ጦርነት ውስጥ ናቸው። ስለዚህ አዲስ ዕቃ ይመጣል ብለህ አትጠብቅ። ያለው አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ተፈትቶ የሚሸጠው አሮጌው ነው፤ እርሱም በየዓመቱ ይቀንሳል።

በእኛ ከተማ የሆነውንም አስብ። ጥር 1966 ዓ.ም. የነገሌ ጦር ያመፀው በምግብና በውሃ ምክንያት ነበር። የወታደሩ የውሃ ፓምፕ ተበላሽቶ ሳይጠገን ቀረ፣ መኮንኖቹም ከራሳቸው ጉድጓድ አላካፈሉም። ጉዳዩን እንዲያዩ ከአዲስ አበባ የተላኩትን ጄኔራል ደረሰ ዱባለን ወታደሮቹ ይዘው ከሚበሉትና ከሚጠጡት አቀመሷቸው። የዚያ ዓመት እንቅስቃሴ በመስከረም 1967 ዓ.ም. ንጉሡን ከዙፋን አወረደ። በቆላ አገር አንድ ማሽን ተበላሽቶ የሚጠግነው ሲታጣ ጉዳቱ እስከ የት እንደሚደርስ ከዚህ የበለጠ ምስክር አላውቅም። ኦራልህ ፊልቱን አልፎ ወደ ዶሎ ኦዶ በሚወስደው መንገድ ላይ ቢቆም ጋራዥ የለም፤ መካኒኩም ዕቃውም ከአንተ ጋር መሆን አለባቸው። ስለዚህ ከገዛችሁ አንድ ዓይነት ሁለት መኪና ግዙ፤ አንዱ ይሥራ፣ ሁለተኛው ለመለዋወጫ ይቀመጥ። የሁለቱን ዋጋ መክፈል ካልቻላችሁ አንዱንም አትግዙ።

ወረቀቱን ከጨረታው በፊት ጨርሱ። የጨረታ ሰነዱ ላይ ቀረጥና ታክስ የሚከፍለው ገዢ ነው ወይስ ሻጭ የሚለውን ሁለት ጊዜ አንብቡ። ዲክላራሲዮን አለው ወይ? የሻንሲው ቁጥር በብረቱ ላይ ይነበባል ወይ? ሰነዱ ላይ ካለው ጋር ይገጥማል ወይ? ሊብሬ ሊወጣለት እንደሚችል መንገድ ትራንስፖርት ሄዳችሁ ጠይቁ። ሊብሬ የማይወጣለት መኪና ታርጋም ቦሎም አያገኝም፤ ግቢህ ውስጥ የቆመ ብረት ሆኖ ይቀራል። የወታደር ቀለሙንም ሳትቀይር መንገድ ላይ እንዳታወጣው። ኬላ በበዛበት አገር በወታደር ቀለም መንዳት ራስህንም ሾፌርህንም አደጋ ላይ ይጥላል።

የሚያዋጣበትን ቦታም ልንገርህ። ሻኪሶ አካባቢ ወደ ወርቅ ቁፋሮው የሚገባው መንገድ በዝናብ ወቅት አይሱዙን ይውጣል። አሸዋና ድንጋይ ከደረቅ ወንዝ ማውጣትም የኦራል ሥራ ነው። ከሁሉ በላይ ግን ውሃ አለ። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ጋናና ሐገያ የምንላቸው ሁለቱ የቦረና ዝናቦች አምስት ወቅት ተከታትለው በቀሩበት ጊዜ የቦረና ከብት እንዴት እንዳለቀ አይተሃል። ያን ጊዜ ውሃ የሚያደርስ መኪና ሕይወት አድርሷል።

ውሃ ልትጭን ከሆነ አምስት ነገር ያዝ። አንደኛ፣ አንድ ሺህ ሊትር ውሃ አንድ ቶን ነው፤ ኦራል 4320 የሚሸከመው አምስት ቶን ስለሆነ ውሃውና ታንኩ አንድ ላይ ከዚያ እንዳያልፉ። ሁለተኛ፣ ታንኩ ውስጡ መከፋፈያ ይኑረው፤ ያለዚያ ጎዶሎ ውሃ እየተንገጫገጨ መኪናውን ይገለብጣል። ሦስተኛ፣ ነዳጅ የያዘ ቦቴ አጥበህ ለሰው መጠጥ አታድርግ። አራተኛ፣ ድርቅ ቋሚ ሥራ አይደለም፤ ዝናብ ሲጥል ኮንትራቱ ያበቃል፣ ክፍያውም ሊዘገይ ይችላል፤ ስለዚህ ከዝናብ በኋላ የምትሠራውን አሁን ፈልግ። አምስተኛ፣ የተጠማን ሰው አትበዝብዝ። በድርቅ ዓመት ዋጋ የቆለለ ሰው በደህና ዓመት በዚህ አገር ጭነት አያገኝም፤ ሕዝቡ አይረሳም።

ስለ ገንዘቡ ደግሞ ይህን እወቅ። ለእንዲህ ዓይነት መኪና ባንክ በቀላሉ አያበድርም፤ የሦስተኛ ወገን መድን ግዴታ ቢሆንም ሙሉ መድን ማግኘት ይከብዳል። ስለዚህ ከግለሰብ በወለድ እንበደር ወደሚል ሐሳብ ትሄዳላችሁ። አትሂዱ፤ አባቶቻችን «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የሚሉት ይህን ነው። ያላችሁን ገንዘብ ሦስት ቦታ ክፈሉት። አንዱ ለጨረታው፣ አንዱ ለማንሻ፣ ለጥገናና ለጎማ፣ አንዱ ደግሞ መኪናው ሳይሠራ ለሚቆምባቸው ወራት ይሁን። ለጨረታው ከመደባችሁት ሲሦ በላይ አትጥሩ፤ አዳራሹ ውስጥ ስሜት ገፋፍቷችሁ እንዳትጨምሩ የመጨረሻውን ቁጥር ቤት ሆናችሁ ጽፋችሁ ተፈራረሙበት። ሽርክናውንም በውል አድርጉት፤ ማን ይነዳል፣ ማን ሒሳብ ይይዛል፣ መውጣት የፈለገ ድርሻው እንዴት ይተመናል የሚለው ይጻፍ። ለወንድማማችነታችሁ የሚበጀው ይህ ነው።

ልጄ፣ መጀመሪያ ሥራውን ፈልግ። ውሃ ወይም አሸዋ የሚያስጭንህ ሰው ፈርሞ ከሰጠህ፣ ናፍጣ ሞተር ያለውና ወረቀቱ ንጹሕ የሆነ ኦራል ካገኘህና መካኒክህ ቴስታታውን፣ ካምቢዮውንና ሻንሲውን አይቶ እሺ ካለህ ግዛ፤ እኔም እደግፍሃለሁ። የተፈረመ ሥራ ሳይኖርህ ዋጋው ረከሰ ብለህ ብቻ ከሆነ ግን ተወው። ገንዘባችሁን አቆዩትና ጨምራችሁበት ያገለገለ አይሱዙ ግዙ፤ ከነገሌ እስከ ሞያሌ ጭነትም መለዋወጫም የምታገኙበት እርሱ ነው።