የፈሰሰ ውኃ የሚታፈስበት ጨዋታ

ሰው ካለፈው ዘመኑ አንዳች ነገር መልሶ ለማግኘት መመኘቱ የተፈጥሮ ጠባዩ ነው። የልጅነቱን ቤት ያየ እንደሆነ ግድግዳውን ይዳስሳል፤ የጥንት ባልንጀራውን ያገኘ እንደሆነ የድሮውን ወሬ ያነሣል። በዚህ ዘመን ደግሞ ይህ ምኞት ባልታሰበ ስፍራ ተገልጦ ይታያል፤ ይኸውም ሰዎች በቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠው በሚጫወቱት በቪዲዮ ጨዋታ ነው። ከ40 ዓመት በፊት ልጆች የነበሩት ሰዎች ዛሬ ጠጕራቸው ሸብቶ ያንኑ የልጅነታቸውን ጨዋታ በአዲስ መሣሪያ ላይ እንደ ገና ይጫወቱታል። ነገሩ ላይ ላዩን ሲያዩት የሕፃናት ነገር ይመስላል፤ ዳሩ ግን ጠልቀው ቢመረምሩት ስለ ጥፋትና ስለ እርማት፣ ስለ ድካምና ስለ ዋጋው የሚነሣ ትልቅ ጥያቄ ይገኝበታል።

አስቀድሞ የነገሩን አኳኋን መግለጥ ይገባል፤ ዓመታቱም ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው። ኒንቴንዶ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ1983 ፋሚሊ ኮምፒዩተር የሚባለውን የቤት መጫወቻ መሣሪያ አወጣ፤ በ1985 ደግሞ ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ የተባለውን ጨዋታ አስከተለ። በዚህ ጨዋታ አንድ ሪዛም ሰው እየሮጠና እየዘለለ 32 ደረጃዎችን ያልፋል። ተጫዋቹ ሲጀምር የሚሰጠው ሦስት ነፍስ ብቻ ነው፤ ገደል የገባ እንደሆነ አንዷ ትቀነስበታለች። ጨዋታው የተደረሰበትን ስፍራ መዝግቦ የሚያቆይ አልነበረምና መሣሪያው የተዘጋ እንደሆነ የተደከመበት ሁሉ ከንቱ ይሆን ነበር። ስለዚህ ልጁ አንዱን ገደል ለመዝለል ዐሥር ጊዜም ሃያ ጊዜም እየወደቀ እጁን ያስተምር ነበር።

ያው ኩባንያ በ2017 ኒንቴንዶ ስዊች የተባለውን አዲስ መሣሪያ አወጣ፤ በ2018 የአባልነት ዋጋ ለሚከፍሉ ሰዎች 20 የጥንት ጨዋታዎችን በእርሱ ላይ አቀረበላቸው። በ2019 ደግሞ ለእነዚህ ጨዋታዎች ጊዜን ወደ ኋላ የሚመልስ ዘዴ ተጨመረላቸው። ተጫዋቹ ገደል የገባ እንደሆነ ቁልፍ ተጭኖ ጥቂት ይቆያል፤ የወደቀው ሰው ከገደሉ እየወጣ ወደ ነበረበት ይመለሳል፤ ውድቀቱም እንዳልነበረ ይሆናል። የአገር ሰው «የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም» ይላል፤ በዚህ ጨዋታ ግን የፈሰሰው ውኃ ይታፈሳል። እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ ጥፋቱ ሁሉ የሚሻርለት ሰው በመጨረሻ የሚያገኘው ድል የራሱ ድል ነውን?

አንዳንዶች «አይደለም» ብለው ይመልሳሉ። ለምሳሌ ያህል አንድ አባት በልጅነቱ በብዙ ወራት ድካም የጨረሰውን ጨዋታ ለልጁ ቢሰጠው፣ ልጁም በዚያ ቁልፍ እየተረዳ በአንድ ቅዳሜ ቢጨርሰው፣ ሁለቱም «ጨረስሁ» ይላሉ። ቃሉ አንድ ነው፤ ነገሩ ግን አንድ አይደለም። አባትዮው የመጨረሻውን ደረጃ ባለፈ ጊዜ እጁ ሥራውን፣ ልቡም ትዕግሥትን ተምሮ ነበር፤ ልጁ ግን የመጨረሻውን ሥዕል አየ እንጂ ወደዚያ የሚያደርሰውን መንገድ አልተማረም። መሣሪያው ነገ ያንን ቁልፍ ቢነሣው ከመጀመሪያው ገደል ይወድቃል።

ሌሎች ደግሞ የሚመልሱት መልስ የሚናቅ አይደለም። በመጀመሪያ የጥንቱ ጨዋታ ጭካኔ ከጥበብ ብቻ የመጣ እንዳልነበረ ያስታውሳሉ። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ በየመዝናኛ ቤቱ በቆሙት መሣሪያዎች ሰው የሚጫወተው ሳንቲም እየከተተ ነበር፤ ተጫዋቹ ቶሎ የተሸነፈ እንደሆነ ሌላ ሳንቲም ይገባል፤ ስለዚህ የጨዋታው ክብደት ለባለቤቱ ጥቅም ነበረ። ይህም ልማድ ወደ ቤት መጫወቻው ተላለፈ። ከንግድ የተወለደውን ጭካኔ እንደ አባቶች ምክር አድርጎ ማክበር አይገባም ይላሉ። ሁለተኛም፣ ለልጆቹ እንጀራ ሲደክም ውሎ ማታ ግማሽ ሰዓት ብቻ የሚያገኝ ሰው፣ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሽማግሌ፣ አካሉ የተጎዳ ጐበዝ፣ ያለዚህ ቁልፍ የጨዋታውን ፍጻሜ ከቶ ሊያዩት አይችሉም። ለእነርሱ ቁልፉ ምርኩዝ ነው። ምርኩዝ ይዞ ከስፍራው የደረሰውን ሰው «አልደረስህም» የሚለው ማን ነው?

ሁለቱም ወገኖች እውነት ይዘዋል፤ ነገር ግን ክርክሩ ከዚህ ላይ ቢቆም የነገሩ ሥር ሳይገኝ ይቀራል። ሥሩን ለማግኘት ከማሪዮ በፊት የተሠራ ሌላ ጨዋታ መመልከት ይጠቅማል። ይኸውም ቶሞሂሮ ኒሺካዶ የተባለው ጃፓናዊ ለታይቶ ኩባንያ ሠርቶት በ1978 የወጣው ስፔስ ኢንቬደርስ ነው። በዚህ ጨዋታ 55 ፍጥረታት ተሰልፈው ከሰማይ ወደ ምድር ይወርዳሉ፤ ተጫዋቹም ከታች ሆኖ ይተኩስባቸዋል። የዚያ ዘመን መሣሪያ ኃይሉ ትንሽ ነበርና ሰልፉ ሙሉ በሆነ ጊዜ ሁሉንም ለማንቀሳቀስ ይዘገይ ነበር፤ ፍጥረታቱ እየተመቱ ባነሱ መጠን ግን ሸክሙ ስለ ቀለለለት የቀሩት ይፈጥናሉ። ሠሪው ይህን አይቶ አላረመውም። እንዲሁ ቢተወው ለተጫዋቹ ልብ የሚያስደነግጥ፣ ለጨዋታውም ዋና ውበት ሆነ። የመሣሪያው ድካም ለሥራው መልክ ሰጠው።

ዛሬ ይህን ጨዋታ የሚያሳየው መሣሪያ ከጥንቱ ይልቅ እጅግ ኃይለኛ ነው። እንደ ኃይሉ መጠን ቢለቀቅ ጨዋታውን ዐይን ሊከተለው እስከማይችል ድረስ ያሮጠው ነበር። ስለዚህ ኢሙሌተር የሚባለው የአሮጌውን መሣሪያ ጠባይ የሚያስመስለው ፕሮግራም ለአዲሱ መሣሪያ ልጓም ያገባለታል፤ ኃይለኛው በደካማው እርምጃ ልክ እንዲሄድ ያስገድደዋል። ጨዋታው የጥንቱ ጨዋታ ሆኖ የሚታየው አዲሱ መሣሪያ የሚችለውን ሁሉ ስለማያደርግ ነው።

ከዚህ ላይ ለሰው የሚሆን ትምህርት ይገኛል። በጥንቱ ዘመን የወደቀው ልጅ ከመጀመሪያ መጀመሩ ከምርጫው አልነበረም፤ ሌላ መንገድ አልነበረውምና ታገሠ። እንዲህ ያለው ትዕግሥት መልካም ልማድ ቢሆንም ፈጽሞ የራሱ ነው ማለት ያስቸግራል፤ ገበሬም በሬውን በቀንበር ያስታግሠዋልና። ዛሬ ግን ጥፋቱን የሚሽርበትን ቁልፍ በእጁ ይዞ ሳለ የሚተወው ሰው ትዕግሥቱ በእውነት የራሱ ነው። ስለዚህ አዲሱ መሣሪያ ትዕግሥትን አጠፋ የሚሉት ተሳስተዋል፤ ከግዴታ አውጥቶ ለፈቃድ ሰጠው እንጂ። ከፈቃድ የሚመጣው ትዕግሥት ከግዴታው ይልቅ ይከብዳል፤ ስለዚህም የሚገኘው በጥቂቶች ዘንድ ነው። ለመሣሪያው ልጓሙን የሚያገባለት ፕሮግራም ሠሪው ነው፤ ለሰው ግን ከራሱ በቀር የሚያገባለት የለም።

ይህ ማለት ቁልፉን የሚነካ ሁሉ ተነቃፊ ነው ማለት አይደለም። አንዱ ጊዜን ወደ ኋላ የሚመልሰው የሳተውን ዝላይ ደጋግሞ ለመመርመርና እጁን ለማረም ነው፤ ሁለተኛው የሚመልሰው ጥፋቱን ላለማየት ነው። ቁልፉ አንድ ሲሆን የመጀመሪያው ተማሪ ነው፤ ሁለተኛው ግን ከራሱ የሚሸሽ ነው። በምርኩዝ ያለፈውም ሰው «በምርኩዝ አለፍሁ» ቢል ምንም ነውር የለበትም። ነውሩ ያለው ምርኩዙን ሸሽጎ እንደ ሯጭ መመስገንን የወደደ እንደሆነ ነው፤ ይልቁንም ሌላው ሰው ሳይሰማ ለራሱ ልብ ብቻ ይህን የነገረ እንደሆነ ሐሰቱ ይብሳል፤ የሚያርመው ምስክር የለምና።

ደግሞም መታሰብ የሚገባው ነገር አለ። ሰው ከጨዋታው ተነሥቶ ወደ ቤተሰቡና ወደ ሥራው ይመለሳል። በዚያም በቍጣ የተናገረው ቃል፣ በቸልታ ያሳለፈው የልጁ የልጅነት ዘመን፣ ሳይጠይቀው የሞተበት ወዳጁ፣ አንዱም በቁልፍ አይመለስም። ሲወድቅ ሁልጊዜ ቁልፍ መፈለግን የለመደ እጅ በዚያ ቀን ባዶውን ይቀራል፤ ወድቆ መነሣትን የለመደ እጅ ግን የተበላሸውን በይቅርታና በድካም ያቃናዋል።

እንግዲህ ወደ ልጅነት ጨዋታው የተመለሰ ሰው በመስተዋቱ ላይ የሚያየው ገደል የጥንቱ ገደል ነው፤ ስፋቱ አልጨመረም፤ አልቀነሰምም። የጥንቱ ልጅ ከወደቀ በኋላ የሚያደርገው አንድ ነገር ብቻ ነበረ። የዛሬው ሰው ግን ሁለት መንገድ አለው፤ ማንነቱም የሚታወቀው እጁን ወደ የትኛው እንደሚሰድ ሲታይ ነው።