ገጸ ባሕርያችሁ በምን ይተዳደራል?

ልጆቼ፣ ረቂቃችሁን ስታመጡልኝ አስቀድሜ የምፈልገው የቋንቋችሁን ውበት ወይም የፍቅሩን ትዕይንት አይደለም፤ ሰውዬው በምን እንደሚተዳደር ነው። አብዛኛውን ጊዜ አጣዋለሁ። ሲያፈቅር፣ ሲያለቅስ፣ ዝናብ ሲመታው አነባለሁ፤ የቤት ኪራዩን ከየት አምጥቶ እንደሚከፍል ግን የተጻፈ ነገር የለም። ሰው የሚፈራውም፣ የሚኮራበትም፣ አንገቱን የሚደፋለትም ከእንጀራው ጋር የተያያዘ ነው። ይህን ካላወቃችሁለት ንግግሩ ሁሉ የእናንተው ንግግር ይሆናል።

በ1958 ዓ.ም. የታተመውን «ፍቅር እስከ መቃብር» ልብ ወለድ እስቲ በዚህ ዓይን ድገሙት። ሁላችንም የበዛብህንና የሰብለ ወንጌልን ፍቅር እናስታውሳለን። ፍቅሩን መውጫ የሚያሳጣው ግን የዘር ሐረግና የባላባትነት ሥርዓት ነው። በዛብህ በቤተ ክህነት ትምህርት ያደገ ሰው ነው፤ ፊታውራሪ መሸሻ ቤት የገባውም ልጃቸውን ሰብለ ወንጌልን ሊያስተምር ነው። ትምህርቱን ብትወስዱበት ልጅቷን የሚያገኝበት በር አይኖርም። ደራሲው ሀዲስ ዓለማየሁ ይህን ዓለም በወሬ አላወቁትም፤ ጎጃም ተወልደው በቤተ ክህነት ትምህርት አልፈዋል። አምባሳደርና ሚኒስትር ሆነውም ብዕራቸው የተመለሰው ወደዚያው ነው።

በዓሉ ግርማም የ«ኦሮማይ» ልብ ወለዱን ዋና ገጸ ባሕርይ ጸጋዬ ኃይለማርያምን ጋዜጠኛ ያደረገው ሙያውን ኖሮበት ስለሚያውቀው ይመስለኛል። መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም. ወጥቶ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው በ1976 ዓ.ም. እንደወጣ ቀረ። ይህን ሳስብ ዛሬም ያመኛል። የሚያውቁትን በትክክል መጻፍ ዋጋ እንደሚያስከፍል ተረድታችሁ ግቡበት።

«ጊዜ የለንም» ለምትሉኝ፦ ሁለቱም ደራሲዎች የመንግሥት ሥራ ነበራቸው። ሌሊትም ይሁን ማለዳ አንድ ሰዓት ለዩና አታስነኩት። ሥራችሁንም እንደ እንቅፋት አትቁጠሩት፤ የመጀመሪያው መጽሐፋችሁ ምናልባት እዚያው ይሆናል።

የማታውቁትን ሙያ መጻፍ ካማራችሁ ግን ሂዱና ተቀመጡ። ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ የሚጽፈውን ሰው፣ ጋራዥ ውስጥ የሚውለውን ልጅ፣ ጉልት ቸርቻሪዋን ጠይቁ። «ሥራህን ትወደዋለህ?» አትበሉት፤ አዎ ብሎ ይሸኛችኋል። የትኛው ደንበኛ ሲመጣ ሆዱ እንደሚባባ፣ ሲሳሳት ማን እንደሚቆጣው፣ ማታ የቱ እንደሚያመው ጠይቁት። ከሰማችሁት አብዛኛው ገጹ ላይ አይገባም። አይግባ። እናንተ ካወቃችሁት ግን ሰውዬው ወንበር ሲስብ እንኳ አቀማመጡ ይለያል።

ሲያልቅ መጀመሪያ ለጓደኛ ደራሲ አትስጡት፤ እሱ ቃላችሁን ያደንቅላችኋል። የልብስ ሰፊ ታሪክ ከሆነ ሄዳችሁ ለልብስ ሰፊ ጮክ ብላችሁ አንብቡለት። «ቆይ፣ እንዲህ አናደርግም» ብሎ ያቋረጣችሁ ቦታ ላይ ምልክት አድርጉ፤ ነገ ማለዳ ሥራችሁ ከዚያ ይጀምራል።