የአባቴ ቤልጅግ፦ ስለ መሣሪያና ስለ መብት ሐተታ

አባቴ ሲቀበር አንዲት ጥይት አልተተኮሰችም። በአገሬ በስማዳ በለቅሶ የሟች ጠመንጃ ሜዳ ላይ ይወጣል፤ የቅርብ ዘመድ ከፍ አድርጎ ይዞት እየዞረ የባለቤቱን ሥራ ይጠራል፤ አስለቃሿም ሙሾዋን በእሱ ላይ ታወርዳለች። በእኛ ለቅሶ ግን ታላቅ እህቴ ባዶ ዝናር ይዛ ወጣች። ቆዳው ደርቆ የተሰነጣጠቀ፣ ጥይት የሌለበት ዝናር። የሚፎክረው ሁሉ ዝም አለ። ከዚያች ቀን ጀምሮ አንድ ነገር አልገባኝ ብሎ ይኸው እስካሁን እንቅልፍ ነሥቶኛል። ከአባቴ የተወሰደበት ምን ነበር? ብረት ነው? ንብረት ነው? ወይስ መብት?

ነገሩ እንዲህ ሆነ። ግንቦት 2014 ነው፤ በአማራ ክልል «ሕግ ማስከበር» የተባለው ዘመቻ የተካሄደበት ወር። ቅዳሜ ገበያ ስንሄድ ከአንዲት ከተማ መግቢያ ኬላ ደረስን። ከተማዋን አልጠራም። አባቴ ቤልጅጉን እንደ ልማዱ በሁለት ትከሻው ላይ አጋድሞ፣ አንድ እጁን በሰደፉ፣ አንዱን በአፈሙዙ ላይ ጥሎ ነበር የሚሄደው። በእኛ አገር መሣሪያ በግልጽ ይያዛል፤ ጋቢ ውስጥ የሚሸሽገው ሌባ ነው ወይም ደመኛ። ፖሊሱ «አባት፣ ያውርዱት» አለ። አባቴ አወረደ። በቆዳ አሰፍቶ ከአንገቱ ያንጠለጠለውን ፈቃድ አውጥቶ «ይኸው ልጄ፣ ሕጋዊ ነው» አለው። ልጁ ወረቀቱን አገላበጠና «ለማጣራት ነው፤ ሰኞ ይመለሱ» ብሎ ጠመንጃውን ከግንቡ አስደግፎ አቆመው። እኔ «ደረሰኝ ስጡን» አልሁ። ሌላ ቃል አልወጣኝም። በዚህች ቃል ሦስት ሌሊት ታስሬ አደርሁ።

ንብረት ስለመሆኑ አልከራከርም። አባቴ ሁለት በሬ ሸጦ ገዝቶታል፤ ፈቃድ ነበረው፤ የተወሰደ ንብረት ደረሰኝ ይገባዋል። ይህን የማይቀበል ሰው ካለ ከዚህ በታች ያለውን ባያነብ ይሻላል።

በእስር ቤቱ ጨለማ ተቀምጬ ሰዓት ስቆጥር ግን በአስተማሪዎቼ ላይ ያደረብኝ ቁጣ ዛሬም አልበረደም። የኔታ ዳዊት ሲያስደግሙኝ ለሹም መታዘዝ ለፈጣሪ መታዘዝ ነው ብለው አሳደጉኝ። ልጅ ሆኜ «ታዲያ አቡነ ጴጥሮስ በ1928 ለጣሊያን አልገዛም ብለው ለምን ተረሸኑ?» ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። መልሳቸው አለንጋ ሆነ። እሳቸው አርፈዋል፤ ጥያቄው ግን እኔው ዘንድ ቀረ። የሥነ ዜጋ መምህሬ ደግሞ የ1987ቱን ሕገ መንግሥት 19ኛ አንቀጽ ክፍት ቦታ ሙላ አድርጎ ፈተነን። የተያዘ ሰው በስንት ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቀርባል? 48 ብዬ ጻፍሁ፤ ነጥቤንም አገኘሁ። 49ኛው ሰዓት ሲገባ ለማን እንደሚጮኽ ግን አላስተማረኝም። ስፈታ መንገድ ላይ አግኝቼው ነገርሁት፤ «ተወው፣ ጊዜው ነው» አለኝ። እንግዲህ ጊዜ የሚሽረው ከሆነ ለምን ፈተነኝ?

ያ አንቀጽ ደግሞ አንድ ነገር ይጨምራል፦ ወደ ፍርድ ቤት ለመድረስ በአግባቡ የሚወስደው የጉዞ ጊዜ በ48ቱ ውስጥ አይቆጠርም። አዲስ አበባ ላይ ይህ ምንም አይደለም። ከበሽሎ ቆላ ተይዞ አቀበቱን በእግሩ ወደ ወገዳ ፍርድ ቤት ለሚወጣ ሰው ግን ሌላ ነገር ነው፤ መብቱ እንደ ገደሉ ጥልቀት ይረዝማል፣ ያጥራል። እኔ የታሰርሁት ግን ከፍርድ ቤቱ ጋር በአንድ ከተማ ውስጥ ነበር። ለ72 ሰዓት ምን ጉዞ ተቆጠረብኝ?

26ኛው አንቀጽም አለ፦ የሰው አካሉ፣ ቤቱና ንብረቱ በዘፈቀደ አይበረበርም፣ በእጁ ያለ ንብረቱም አይያዝም፤ ይህ የሚገደበው አስገዳጅ ሁኔታ ሲኖርና ዝርዝር ሕግ ሲፈቅድ ነው። የ2012ቱ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ፣ 1177 ቁጥሩ፣ ፈቃድ ማውጣትን ያዝዛል፤ መሣሪያ መያዝ ልማድ የሆነበት አገር እንዳለም ያውቃል። አባቴ ይህን ሁሉ አሟልቷል። እንዲያውም ከዚያ በላይ አድርጓል። በሐምሌ 2013፣ ከሕወሓት ጋር በነበረው ጦርነት፣ የክልሉ መንግሥት የግል መሣሪያ ያለው ሁሉ ይዝመት ብሎ ሲጣራ ሰባ ዓመት ያለፈው ሰው በሶውን ቋጥሮ ቤልጅጉን አንግቶ ወጣ። ነሐሴ ላይ የሕወሓት ታጣቂዎች ነፋስ መውጫን ያዙ፤ በከተማዋ ሴቶች የደረሰባቸውን ዓለም ሰምቶታል፣ እኔ አልደግመውም። በዚያን ጊዜ ማንም አባቴን «ፈቃድህን አሳይ» አላለውም። አሥር ወር ሳይሞላ ያው ጠመንጃ ከኬላ ግንብ ተደገፈ። በሐምሌ 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲመጣ ደግሞ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ መያዝና መበርበር ተፈቀደ። ሕገ መንግሥቱ በ93ኛው አንቀጽ እንደዚያ ባለ ጊዜ የማይነኩትን መብቶች ይዘረዝራል፤ 19ኛውና 26ኛው ከዝርዝሩ ውስጥ የሉም። አባቴ ያን አላየም። ጥር 2015 ላይ ዐርፏል።

ስለዚህ መጀመሪያ ያገኘሁት መልስ ይህ ነበር፦ ሲፈልጉ አውጣ፣ ሲፈልጉ አምጣ የሚሉት ነገር ውሰት እንጂ መብት አይደለም፤ መብት የሚሆነው ሰው አልሰጥም ማለት ሲችል ነው። አሜሪካ የሚኖር የአጎቴ ልጅ በስልክ ይህንኑ አጠናከረልኝ። እዚያ በአንዳንድ ክፍለ ግዛት መሣሪያን በግልጽ መያዝ ብቻውን ወንጀል አይደለም፤ መሣሪያ የመያዝ መብትም በእነሱ አቆጣጠር ከ1791 ጀምሮ በሕገ መንግሥታቸው ተጽፏል አለኝ። ለጥቂት ሳምንት በዚህ ሐሳብ ጸናሁ። መንደር ውስጥም ተናገርሁት፤ ወንዶቹ ወደዱልኝ።

እናቴ ግን ወገቧን ይዛ ምድጃው አጠገብ ቆማ ሰማችኝና «እኔስ?» አለች።

አልገባኝም ነበር። «እኔ በዕድሜዬ መሣሪያ ይዤ አላውቅም። ሸማኔው አልያዘም። ሸክላ ሠሪዋ አልያዘችም። እኛ መብት የለንም ልትል ነው?» አለችኝ።

ይህን መልስ አጥቼለት ወራት አለፉ። በመጀመሪያ የአንዱ ጠመንጃ ለጎረቤቱም ይሆናል ብዬ አሰብሁ፤ የታጠቀ ቀበሌ ሹም አይዳፈረውም፣ ሸማኔውም በጥላው ይኖራል። ግን ውሸት ነው፤ ያየሁትን ዐውቃለሁ። ያን ቅዳሜ ከእኛ ቀድመው ሰርገኞች አልፈዋል፤ ሃያ ይሆናሉ፣ ሁሉም የታጠቁ፣ በክላሽ ላይ ክላሽ። ማንም አላስቆማቸውም። ያስቆሙት አንድ ቤልጅግ የያዘ አንድ ሽማግሌን ነው። ኬላው የፈራው ብዛትን እንጂ መብትን አልነበረም። ጠመንጃ መብት ቢሆን አንዱም ሃያውም እኩል ባለፉ ነበር።

ሁለተኛ፣ እናቴ ያላነሣችው ግን ፊቷ ላይ ያነበብሁት ነገር አለ። ወንድ ያለ መሣሪያ አፍ የለውም ብሎ ያስተማረኝ የእሷ ወንድም ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ምላጭ፣ ቃታ፣ አፈሙዝ እያለ በጣቱ ያሳየኝ እሱ ነው። በእርሻ ድንበር ጠብ ጠራራ ፀሐይ ላይ ተገደለ። የገደለው ሰው መሣሪያ ፈቃድ ነበረው። ደሙ በሽማግሌ እስኪደርቅ አራት ዓመት ልጆቹ ገበያ አልወጡም፤ እርሻው ጦም አደረ። በጎረቤቶቻችን በጋይንትም በእስቴም እንደዚህ ያለ ቤት የሌለበት ጎጥ የለም ብል አላጋነንሁም። አጎቴን እወደዋለሁ፤ ያስተማረኝ ግን የገዛ ሞቱን ነበር። በዚህም ተቆጥቻለሁ።

ሦስተኛው ነገር ያ ፖሊስ ነው። ብዙ ጊዜ በጥላቻ አስቤዋለሁ። ግን እጁን አስታውሳለሁ። የአባቴን ጠመንጃ ቃታ ስቦ ጥይቶቹን አንድ በአንድ ሲያወጣ ጣቶቹ ይንቀጠቀጡ ነበር፤ አንዷ ጥይት አምልጣ አፈር ላይ ወደቀች፣ አጎንብሶ እስኪያነሣት ድረስ ዓይኑን ከአባቴ እጅ አልነቀለም። ሃያ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው። አነጋገሩ የእስቴ ልጅ ይመስላል። የሚያልፈው ሰው ሁሉ የታጠቀ በሆነበት ኬላ ላይ ቀኑን ሙሉ መቆም፣ እያንዳንዱን «ያውርዱት» ማለት፣ የትኛው አውርዶ የትኛው እንደሚተኩስ አለማወቅ። እኔ «ደረሰኝ» ስል እሱ የሰማው ቃል ነው ወይስ ከኋላዬ የቆመውን የአባቴን ትከሻ? መሣሪያ ባንይዝ ኖሮ ጥያቄዬን እንደ ጥያቄ ይሰማው ነበር? ይህን አላውቅም። ባዶ እጃቸውን «ለምን?» ብለው የተደበደቡ ሰዎች በዚያው ክፍል አብረውኝ ነበሩ፤ ስለዚህ ባዶ እጅም አላዳነም።

እንግዲህ የደረስሁበትን ልናገር፤ ነገ እለውጠው ይሆናል። መብቴን ጠመንጃው አላመጣልኝም፤ እናቴ ረታችኛለች። ይሁን እንጂ «አስረክብ» በሚለኝ ሰው ፊት ይህን ማመን አልችልም። ደርግ ወድቆ ኢሕአዴግ ሲገባ መሣሪያቸውን ያስረከቡ ሽማግሌዎች የሚሉት ጆሮዬ ላይ አለ፤ ብረቱን ሰጥተው በምትኩ ያገኙት ጠባቂ አልነበረም። ፍርድ ቤት ቀድሞ ይምጣ፤ ኬላው የሚወስደውን ይጻፍ፤ 48 ሰዓት 48 ሰዓት ይሁን፤ ያን ጊዜ ስለ ቤልጅጉ ከማንም ጋር እነጋገራለሁ። እስከዚያ ግን ማንም አባቴን ጥፋተኛ አያድርግብኝ። አባቴ ሕግ የጠየቀውን ሁሉ አድርጓል፤ ሕጉ ነው ያላደረገው።

በኬላ የምትቆመው ወንድሜ፣ አንተን የምለምንህ አንድ ነገር ነው። የሰው ንብረት ስትወስድ በወረቀት ጻፍ፣ ስምህን አኑርበት፣ ለባለቤቱ ስጠው። እኔ ዘንድሮ ለአራተኛ ጊዜ ፈቃዱን ይዤ ቢሮ ሄጃለሁ፤ የመሣሪያውን ቁጥር አነበብሁላቸው። መዝገብ ላይ የለም አሉኝ።