የሕፃንን እጅ ስለ ማክበር

ወላጆች ሆይ፥ ሕፃን ሥዕል ሲሥል እርሳሱን ከእጁ ነጥቆ ማቃናት ፍቅር ነውን? አይደለም እንላለን። በዜማ ቤት ተማሪ የመምህሩን ዜማ እንዳለ ይቀበላል፤ በቅኔ ቤት ግን የሌላውን ቅኔ የራሱ አስመስሎ ቢያቀርብ ነውር ነው፤ ብቻውን ቈጥሮ ያመጣውን መምህሩ ያርምለታል እንጂ አይቈጥርለትም። እንግዲህ አባቶቻችን መቀበልንም ማመንጨትንም አስተምረውናል።

በአራዳ ጊዮርጊስ ሥዕሎቻቸውን የምናያቸው አፈወርቅ ተክሌ በ1940 ዓ.ም. ገደማ ወደ እንግሊዝ አገር የተላኩት የማዕድን ምሕንድስና እንዲማሩ ነበር፤ መምህራኑ ዝንባሌያቸውን አይተው ባያበረታቷቸው ኖሮ መክሊቱ በተቀበረ ነበር።

ስለዚህ ወረቀቱን እንስጠው፥ ሲጠይቀን እንምከረው፤ የሚሥለውን ግን ለእርሱ እንተውለት። የሣለው ፈረስ አምስት እግር ቢኖረው ነገ ራሱ ቈጥሮ ያርመዋል፤ እኛ ያሳፈርነውን እጅ ግን ማን ያቃናልናል?